ሙዳሪ ላይ ነፋስ የወሰደው ቃል

ብሪዝበን፣ አውስትራሊያ
ኦክቶበር 14 ቀን 1984

ውድ እህቴ ጋሪፋልያ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና ያግኝሽ። የሚርቲድያዋ እመቤታችን ደጅሽን ትጠብቅልሽ፤ የእናትሽንም ነፍስ በጥሩ ቦታ ታሳርፍልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ዶሮቲም ደህና ናት፤ ሰላምታዋ ይድረስሽ ብላለች። እናቴ ኪራናም እንዳለች አለች። ከደሴቱ ያመጣሁላትን የጦስኝ ማር በጣቷ እየጠቀሰች ትልሳለች፤ ከማን እንደመጣ ግን በነጋ ቁጥር ትጠይቀኛለች። እኔም በነጋ ቁጥር “የአጎትሽ ልጅ ልጅ ናት የላከችልሽ፣ ካራቫስ ያለችው” እላታለሁ።

እኔና አንቺ እናቶቻችን የወንድማማች ልጆች ከመሆናቸው በቀር በፎቶግራፍ እንኳ አንተዋወቅም ነበር። በስድስት ዓመቴ ከኪቲራ ደሴት የወጣሁ ሰው ስልሳ ዓመት አልፎኝ ደጅሽ ስቆም፣ ማን ነህ ሳትይ ነው ሻንጣዬን የተቀበልሽኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ያስተናገድሽኝን መስተንግዶ የእናቴ ልጅ ብትኖር አታደርግልኝም።

ሱቄን ከከፈትኩ ሳምንት ሆነኝ። መንገዱም፣ የሰዉም ፊት፣ ፍራፍሬውም በቦታው ነው። እኔ ብቻ ገና አልደረስኩም። ጆሮዬ ውስጥ የሙዳሪ ነፋስ አለ። ብርቱካን እየደረደርኩ ቆም እልና ያ ጫፍ፣ ያ የመብራት ማማ፣ ከሥሩ የሚያልፉት መርከቦች ይመጡብኛል። ደንበኛ ሲጠራኝ ከሩቅ አገር እንደሚጠራኝ ነው የምሰማው።

ያን ዕለት ሙዳሪ ላይ ያደረግሽልኝን ነገር እስክሞት አልረሳውም። ብዙ አልጽፍበትም፤ መመስገን እንደማትወጂ አይቻለሁ። ለዶሮቲ ስነግራት አለቀሰች። ዶሮቲ ደግሞ በቀላሉ የምታለቅስ ሰው አይደለችም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ እኔ የተኛሁበት የጓሮው ክፍል በክረምት ፀሐይ ያገኛል? መስኮቱስ ነፋስ ያስገባል? ሲመችሽ ጻፊልኝ።

እግዚአብሔር ዕድሜሽን ያርዝመው።

ወንድምሽ ቭሬቶስ


ካራቫስ፣ ኪቲራ፣ ግሪክ
ኖቬምበር 9 ቀን 1984

ውድ ወንድሜ ቭሬቶስ፣

ደብዳቤህ በደህና ደረሰኝ። በሰላም ቤትህ ያስገባህ አምላክ የተመሰገነ ይሁን። የአክስቴን የኪራናን እጅ ስለ እኔ ሳምልኝ። ማሩን ከወደዱት ሌላ እልክላቸዋለሁ፤ ዘንድሮ ንቦቹ አልጨከኑብንም።

ዶሮቲ ስለ ሻርፑ ማልቀሷ ገረመኝም፣ ልቤንም ነካው። ባርኔጣህን ነፋስ ወስዶት፣ ጆሮህ እንደ ቲማቲም ቀልቶ እያየሁ ሻርፔን ባላስርልህ ነበር የሚገርመው። ደግሞ አሮጌ ነው። ሳትመልስልኝ መሄድህን ያወቅኩት አንተ ከሄድክ በኋላ ነው። ይሁን፣ ያዘው፤ ብሪዝበን ነፋስ ካለ እሰረው።

የጓሮው ክፍል ከረፋዱ ጀምሮ ፀሐይ አለው። እናቴ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የተኛችው እዚያ ነው፤ አልጋዋን ወደ መስኮቱ አስጠግቼላት ነበር። ነፋሱን በተመለከተ፣ የሰሜኑ ነፋስ ሲነሳ የማይገባበት ቤት ካራቫስ ውስጥ የለም። መስኮቱን በጨርቅ እንወትፈዋለን።

የወይራ ለቀማ ጀምረናል። እጄ ሁሉ ተቧጭሯል። በዚህ መሀል ሁለት ጊዜ በጀልባ ወደ ማዶዋ ወደብ ወደ ጊቲዮ ተሻግሬ ነበር፤ ጥርሴን ትንሽ ያመኛል፣ የጊቲዮው ሐኪም ደግሞ እጁ ጥሩ ነው ይላሉ። ባሕሩ ሁለቱንም ጊዜ ተረጋግቶ ነበር። ጀልባዋ ከወደብ ስትወጣ ወደኋላዬ አላይም ብዬ፣ ያየሁት ፊት ለፊቴን ብቻ ነው። ይህን ለምን እንደጻፍኩልህ አላውቅም።

ጤናችሁ ይብዛ።

እህትህ ጋሪፋልያ


ብሪዝበን
ዲሴምበር 2 ቀን 1984

ውድ እህቴ ጋሪፋልያ፣

የጌታችን ልደት ከነሙሉ በረከቱ ይግባልሽ። ደብዳቤሽን ለእናቴ በሚሰማው በቀኝ ጆሮዋ በኩል ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ዶሮቲም በአጠገባችን ተቀምጣ ነበር፤ ግሪክኛ ባትሰማም የድምፄን ውጣ ውረድ እየተከተለች ነበር።

“ሻርፕ” ብለሽ ማቃለልሽ አሳቀኝ። አንቺ እንዲህ ነሽ። ሌላ ሰው ቢሆን ውለታውን በሰሌዳ ያስጽፈው ነበር። እሺ፣ እኔም ሻርፕ እለዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ሻርፕ ለማንም ሰው ይስጠው።

እናቴ አሁን አሁን ከቤት እየወጣች ታስቸግረናለች። ወደ ማታ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ካፖርቷን ለብሳ “ቤት ውሰዱኝ” ትላለች። ቤትሽ እኮ ይህ ነው እንላታለን። እሷ በትዕግሥት ታየንና፣ ሞኝ ሰው እንደሚታለፍ ታልፈንና ወደ በሩ ትሄዳለች። ባለፈው ሳምንት ወንዙ ዳር፣ ከጀልባ መሳፈሪያው አግኝተን መለስናት። ዶሮቲ የግቢውን በር መቆለፍ ጀምራለች። አንድ ቀን ቁልፉን እጇ ላይ ይዛ ቆማ “ደከመኝ” አለችኝ። ሌላ አላለችም።

አሁን ላስቸግርሽ። አልጋው ከፍታው እንዴት ነው? ሽማግሌ ሰው ይወጣበታል? ከክፍሉ እስከ መታጠቢያው ድረስ የሚያዝ ነገር አለ? ቄሱስ አቅም የሌለውን ሰው ቤቱ ድረስ መጥተው ያቆርባሉ? እነዚህን ብታሳውቂኝ ልቤ ይረጋል።

ጥርስሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ።

ወንድምሽ ቭሬቶስ


ካራቫስ
ጃንዋሪ 20 ቀን 1985

ውድ ወንድሜ ቭሬቶስ፣

አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንላችሁ። በመዘግየቴ ይቅር በለኝ። ጀልባው በማዕበል ምክንያት ብዙ ቀን አልመጣም፤ ከዚያም ደብዳቤህን ደጋግሜ ሳነበው ምን ብዬ እንደምመልስ ቸገረኝ።

አልጋው ዝቅ ያለ ነው፤ አናጺው እግሮቹን የቆረጠልኝ ለእናቴ ብሎ ነው። ግድግዳው ላይ መያዣ እንጨት አለ፤ እሱም የእሷ ነው። ቄሱ ይመጣሉ፤ ከመጡ ደግሞ ቶሎ አይሄዱም።

ግን ወንድሜ፣ ለምን ትጠይቀኛለህ? ጡረታ ወጥተህ እዚህ ልትኖር አስበህ ከሆነ ንገረኝ። ቤቱን በበጋ ከፈለግኸውም እስከ ፋሲካ ድረስ አሳውቀኝ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ እቤት ላልገኝ እችላለሁ።

ምድጃዬ ተበላሽቶ ነበር። አናርጊሮስ የሚባል የመርከብ ሞተር ሠሪ ከጊቲዮ መጥቶ የዘይት መጭመቂያውን ሞተር ሲያስተካክል፣ በዚያው የኔንም ምድጃ አየልኝ። አሁን ክፍሉ ይሞቃል። ጥርሴም ተሽሎኛል፤ ግን ሐኪሙ ለጥቂት ጊዜ መመላለስ አለብሽ ብሎኛል።

የአክስቴ የኪራና ነገር አሳዘነኝ። ዶሮቲንም እቀፍልኝ።

እህትህ ጋሪፋልያ


ብሪዝበን
ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1985

ውድ እህቴ፣ የእናቴ ባለውለታ ጋሪፋልያ፣

ሰማይና ምድርን የፈጠረ አምላክ ውለታሽን በልጅ ልጅ... አላገባሽም፣ ረስቼው፤ ብቻ እሱ በሚያውቀው መንገድ ይክፈልሽ።

ለምን ትጠይቀኛለህ ማለትሽ ደግሞ እንዳላፍር ብለሽ ነው። ገብቶኛል። ግን ቀኑ ስለደረሰ በግልጽ ልጻፈው፦ የእናቴ ቲኬት ተቆርጧል። በማርች መጨረሻ እኔው ራሴ አመጣታለሁ። ሙዳሪ ላይ ቃል በገባሽልኝ መሠረት ከእጄ ወደ እጅሽ ትገባለች፤ እኔም እሷ እስክትለምድ ጥቂት ቆይቼ እመለሳለሁ።

ከባድ ሰው አይደለችም። ጥቂት ነው የምትበላው። በመስኮት ማየት ይበቃታል። “ቤት ውሰዱኝ” ስትል የኖረችው ይኸው ሊሆንላት ነው። ዶሮቲ ሻንጣዋን አስተካክላለች፤ የሐር ቀሚሷን ከላይ አድርጋላታለች።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ማዕድሽ ላይ ተቀምጬ ልጠይቅሽ ስሞክር ምላሴ እየታሰረ፣ በመጨረሻው ቀን በዚያ ነፋስ መሀል አፌ መፈታቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። አንቺ ደግሞ አንድ ጥያቄ ሳትጠይቂ ራስሽን ነቀነቅሽ። እንዲህ ያለ ሰው አሁንም አለ ማለት ነው አልኩ።

ወንድምሽ ቭሬቶስ


ካራቫስ
ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1985

ወንድሜ ቭሬቶስ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ሰላም ለቤትህ ይሁን። ከዚህ በላይ ምርቃት ብጽፍ ማታለል ይሆንብኛል።

ደብዳቤህን ያነበብኩት ደረጃው ላይ ቆሜ ነው። ሳልጨርሰው ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ስንት ወረቀት እንደቀደድኩ አልነግርህም። ቀኑ እየቀረበ ስለሆነ ግን ይህኛውን፣ ባያምርም፣ እልከዋለሁ።

ቭሬቶስ፣ እኔ ሙዳሪ ላይ ምንም አልሰማሁም።

ያን ቀን እንዴት እንደነበር ልጻፍልህ፤ ምናልባት አንተ የምታስታውሰው ሌላ ነው። ዳቦ ጋጋሪው ሚናስ በጭነት መኪናው እስከ መንገዱ መጨረሻ አድርሶን፣ ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። ከዚያ በእግራችን ነበር። ነፋሱ ከሰሜን ይመጣል፤ የጦስኙ ቁጥቋጦ ሁሉ እንደ ድመት ጀርባ ተለጥጦ ተኝቷል። አንተ ከፊት ከፊቴ እንደሰከረ ሰው ወደ ጎን ወደ ጎን ትራመዳለህ። ባርኔጣህ የበረረው እዚያ ነው። ተሽከርክሮ፣ ወደ ላይ ወጥቶ፣ እንደ ትንሽ ጥቁር ወፍ ባሕሩ ላይ ጥቂት ከቆየ በኋላ ጠፋ። እኔ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። አንተም ትስቃለህ፤ ሳቅህን ግን አየሁት እንጂ አልሰማሁትም።

ማማው ጋ ስንደርስ በሩ ተቆልፎ ነበር። በደቡብ በኩል ከግድግዳው ሥር ተጠግተን ተቀመጥን። እዚያ ነፋስ አልነበረም፤ ከላያችን ብቻ እንደ ወንዝ ያልፋል። ደረቁን ዳቦ በውሃ አርሰን፣ ዘይት አፍስሰንበት፣ ከአይብና ከወይራ ጋር በላን። ግድግዳው በፀሐይ ሞቆ ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል። እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ። የማሌያ ጫፍ ከባሕሩ ማዶ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ በመሀል የሚያልፉት መርከቦች ደግሞ የሚሄዱ አይመስሉም፤ ቀና ብለህ ስታይ ግን ሌላ ቦታ ናቸው። አንተ ስለ አይቡ ጠየቅኸኝ፤ ከማን ፍየል እንደሆነ ነገርኩህ። ስለ ዳቦው አወራን። ልብ በል፣ ሹክ ብትለኝ እንኳ የምሰማህ ያኔ ነበር።

ከዚያ ተነስተን ወደ ጫፉ ሄድን። ነፋሱ አፌ ውስጥ ገብቶ ትንፋሼን ይመልስብኛል። ሻርፑን ያሰርኩልህ እዚያ ነው። አንተ ክንዴን ይዘህ መናገር ጀመርክ። ከንፈርህ ለረጅም ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ዓይንህ አንብቶ ነበር፤ እኔ ከነፋሱ ነው ብዬ ነበር። ስትጨርስ ፊቴን እያየህ ጠበቅኸኝ። ነቀነቅኩ።

የነቀነቅኩት መነቅነቅ ስለለመድኩ ነው። ለሐኪሙ ነቅንቄያለሁ፣ ለቄሱ ነቅንቄያለሁ። እናቴን የሚያይ ሰው ሲመረጥ፣ እህቶቼ አቴና ሆነው “አንቺ አለሽ አይደል” ሲሉኝ ነቅንቄያለሁ። አንገቴ እኔን አይጠይቅም።

ግን የምነግርህ ሌላም አለ። አንተ እጄን ደረትህ ላይ ስታደርገው፣ ይህ ሰው በሌላ ቦታ ሊለው ያልቻለውን ነገር አለ ብዬ አሰብኩ። ምን እንደሆነ ባላውቅም ቀናሁብህ። እኔም አልኩ። ፊት ለፊትህ ቆሜ፣ በሙሉ ድምፄ፣ እንደማትሰማኝ እያወቅኩ እንዲህ አልኩህ፦ “አናርጊሮስ የሚባል ሰው አለ። ጥርሴን አያመኝም። ከፋሲካ በኋላ አገባዋለሁ፤ ቤቱን ዘግቼ እሄዳለሁ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ደስ ብሎኛል፤ ደስ ማለቱም ያሳፍረኛል።”

አንተም ነቀነቅክ።

ወደ ሚናስ መኪና ስንመለስ መሬት የማልረግጥ ይመስለኝ ነበር። ለአንድ ሰው ነግሬያለሁ፣ እሱም እሺ ብሎኛል እያልኩ ነበር የምሄደው። አንተም ከጎኔ ፊትህ በርቶ ትሄድ ነበር። ሁለታችን በየራሳችን ደስታ ውስጥ ሆነን፣ በዚያ ነፋስ እየተገፋን፣ እንደ ሕልም ነው የተመለስነው።

አሁን የሚከብደውን ልጻፍ። አክስቴን ኪራናን ልቀበላቸው አልችልም። አሥራ አንድ ዓመት እናቴን አገላብጫለሁ፤ ስትቆጣ፣ ስትረሳኝ፣ በእህቶቼ ስም ስትጠራኝ። ሌላ ሰው ቢያስታምማት ኖሮ እወዳት ነበር እያልኩ ያሰብኩበት ቀን አለ። ወደዚያ ክፍል እንደገና ውሃ ይዤ እንድገባ አትበለኝ። ክፉ ናት በለኝ፤ ግን አልገባም።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አትቀየመኝ። ስለ ፀሐዩ ጠየቅኸኝ፣ ስለ አልጋው ጠየቅኸኝ፣ ስለ ቄሱ ጠየቅኸኝ። እሳቸውንስ ጠይቀሃቸዋል? ቤት የሚሉት የት እንደሆነ? መስኮቱን ዘግተህ፣ በሚሰማው ጆሯቸው በኩል ተቀምጠህ ጠይቃቸው።

እህትህ፣ አሁንም ከፈለግኸኝ፣

ጋሪፋልያ


ዋላንጋ፣ ኩዊንስላንድ
ኤፕሪል 6 ቀን 1985

ውድ እህቴ ጋሪፋልያ፣

በዓለ ትንሣኤው በሰላም ያግኝሽ። የት እንደሆነች ያላወቅሻትን ከተማ ስም ከላይ አይተሽ ግራ ተጋብተሽ ይሆናል፤ እደርስበታለሁ።

ደብዳቤሽ ሲደርስ ሻንጣው በሩ አጠገብ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ተናድጄ ነበር። ባዶ ቤት ዘግታ ትሄዳለች እንጂ አንዲት አሮጊት አታስጠጋም ብዬ ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ስጮህ ዋልኩ። ማታ ለዶሮቲ ደብዳቤውን መስመር በመስመር ተረጎምኩላት። ከእኔ ጋር እንድትናደድ ነበር። እሷ ግን እስከ መጨረሻው አዳመጠችና “ሴትየዋ እውነቷን ነው” አለች።

አንቺም ደክሞሽ አይደል ወይ አልኳት።

“ደከመኝ አልኩህ እንጂ ትሂድ አልኩህ?” አለች። “እንድታግዘኝ ነበር። አንተ ግን ተነስተህ የአውሮፕላን ቲኬት ገዛህ። ከደሴቱ መጥተህ የሙዳሪውን ስትነግረኝ ያለቀስኩት ደስ ብሎኝ መሰለህ?”

ጋሪፋልያ፣ ከዚህች ሴት ጋር ሠላሳ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። በመሀላችን ነፋስ አልነበረም።

በማግሥቱ ሱቅ አልከፈትኩም። የኩሽናውን መስኮት ዘጋሁ፣ ሬዲዮውን አጠፋሁ፣ በቀኝ ጆሮዋ በኩል ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እናቴ የብርቱካን ልጣጭ እየቆራረሰች ነበር።

“እማዬ፣ የት ነው መሄድ የምትፈልጊው?”

“ቤት።”

“ካራቫስ?”

እጇን አቆመችና አየችኝ። እንዲህ በደንብ ካየችኝ ቆይታለች። “ካራቫስ ምን አለኝ? ውሃ ከታች እስከ ላይ ስሸከም የኖርኩበት አገር ነው። ደግሞ ያ ነፋሱ። ቤት ነው ያልኩህ፤ ከካፌው በላይ ያለው። አባትህ እየጠበቀን ነው፣ አንተ ደግሞ የትምህርት ቤት ጫማህን አላወለቅክም።”

ገባኝ። አባቴ ዋላንጋ የምትባል በሜዳ መሀል ያለች ከተማ ውስጥ ካፌ ነበረው። እኛ ከላይ ነበር የምንኖረው። እኔ ያደግሁት እዚያ ነው፤ አባቴ የሞተውም እዚያ ነው። ሠላሳ ዓመት ቆይተን ብሪዝበን ስንገባ፣ እናቴ ጥሩ ቤት አገኘች ብዬ እኔ ነበርኩ ደስ ያለኝ። ባሕር እዚያ የለም። ወንዝ እንኳ የለም። አቧራና የባቡር ሐዲድ ነው። የወንዙ ጀልባ መሳፈሪያ ጋ ያገኘናት፣ ለካ ባቡር ጣቢያውን ስትጠይቅ ነው።

ቲኬቱን መለስኩት። ሦስታችን በመኪና ሄድን። መንገዱ ረጅም ነው፤ እናቴ ከፊት ተቀምጣ እንደ ንግሥት ሁለቱን ጎን እያየች ሄደች። ካፌያችን አሁን የመኪና ጎማ መሸጫ ሆኗል። ባለቤቱ ከላይ ያለውን ቤት ዕቃ ይጥልበት ነበር፤ ነገሩን ስነግረው ራሱን አከከና፣ እስክትጠግቡት ተቀመጡበት አለን። ዶሮቲ ጠራርጋ መጋረጃ ሰቀለችበት። እናቴ ደረጃውን የወጣችው እጇን ሳልይዛት ነው። መስኮቱ ጋ ተቀመጠች፤ ካፖርቷን አወለቀች። ከዚያ ወዲህ ካፖርቱን አልለበሰችም።

እኔ አብሬያት ነኝ። ሱቁን የዶሮቲ ወንድም ይዞልኛል፤ ዶሮቲ ዓርብ ዓርብ በባቡር ትመጣለች። ወደ ማታ እናቴ “ዘጋኸው?” ትለኛለች። እኔም ወርጄ ጎማ ሻጩ ሱቁን ሲዘጋ ቆሜ አያለሁ፤ ተመልሼ “ዘግቻለሁ” እላታለሁ። እሷም እሺ ትላለች። ከዚያ መንገዱን እናያለን። አንዳንድ ጊዜ ማን እንደሆንኩ ትረሳለች፤ የት እንዳለች ግን አትረሳም።

ስለ ማግባትሽ ነገርኳት። ምን ሥራ አለው አለችኝ። ሞተር ይሠራል አልኳት። “ሞተር የሚሠራ ሰው ጥሩ ነው፤ ጆሮውን አስጠግቶ ነው የሚሠራው” አለች። ከዚያ በእናትሽ ስም ጠራችሽና፣ አልጋሽን ለማንም ሳትተዪ ይዘሽ እንድትሄጂ አዘዘች።

ሙዳሪ ላይ ሳልሰማ የነቀነቅኩትን፣ ሰምቼ እንደነቀነቅኩት ቁጠሪልኝ። ስለተናደድኩብሽ ይቅር በይኝ። አናርጊሮስን አቅፌ ስሜዋለሁ በይው።

ወንድምሽ ቭሬቶስ


ጊቲዮ
ሜይ 9 ቀን 1985

ውድ ወንድሜ ቭሬቶስ፣

ክርስቶስ ተነስቷል። ለአክስቴ ለኪራና፣ ለዶሮቲ፣ ላንተም፣ እዚያ አቧራ መሀል ሰላምና ጤና ይስጣችሁ። ደብዳቤህን ያገኘሁት ሰርጉ ሊደርስ ሲል ነው። አንብቤው ብቻዬን አለቀስኩ፤ ከዚያ ፊቴን ታጥቤ አናጺውን ጠራሁና አልጋዬን አስፈታሁት።

ተጋባን። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው እሁድ ነበር፤ በሜይ ማግባት ገድ የለውም ይላሉና ወሩ እንዳይገባብን ብለን። ሰው ብዙ አልነበረም። እህቶቼ ከአቴና መጡ። ታላቋ “ቤቱንስ ማን ያየዋል?” አለችኝ፤ ቁልፉን ሰጠኋት። ቄሱ ቆይታችኋል ብለው ቀለዱብን። አናርጊሮስ ኮሌታው አንቆት አንገቱ እስኪቀላ ድረስ ቆሞ፣ አንዲት ቃል ሳይናገር ቀኑ አለፈ። በበነጋው ነው አንደበቱ የተመለሰለት።

ከደሴቱ ስወጣ ባሕሩ ዝም ብሎ ነበር። የአልጋዬ እንጨቶች ከጀልባዋ ፊት በገመድ ታስረው ተኝተዋል፤ አንዲት ፍየል ያላት ሴትዮ ተቀምጣባቸዋለች። ስንርቅ ሁሉም ነገር ሰማያዊ ሆነ። የቱ ተራራ የቱ ደመና እንደሆነ አልለየኝም። በዚህ ጊዜ ወደኋላ አይቻለሁ፤ የሚያስፈራ ነገር አልነበረውም።

እዚህ ቤታችን ከወደቡ በላይ ነው፤ ሁለት ክፍልና በረንዳ። ጠዋት ዓሣ አጥማጆቹ ሲጨቃጨቁ እሰማለሁ። ልረዳው የሚገባ የታመመ ሰው የለም። በመጀመሪያው ሳምንት ምን እንደማደርግ ስላጣሁ፣ ንጹሕ የነበረውን ሁሉ ደግሜ አጠብኩ። አናርጊሮስ አየኝና፣ ሲወጣ የጨርቁን ባልዲ ይዞብኝ ሄደ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ በረንዳው ላይ ሆኜ ፀጉሬን ሳበጥር፣ ከኩሽና ጮክ ብሎ ገበያ ሊወርድ እንደሆነ ነገረኝና ሰርዲን ይግዛ እንደሆነ ጠየቀኝ። በቤታችን እናቴ ስለምትወደው ዕድሜ ልኬን ሰርዲን በልቻለሁ። አንገቴ ሊነቀነቅ ሲጀምር ታወቀኝ። እሱ ደግሞ አያየኝም፤ በመሀላችን ግድግዳ አለ።

“አይ፣” አልኩት፣ “ሰርዲን አልወድም።”

ከዚያ በሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ ታዲያ ምን ትወጃለሽ አለኝ። ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ፣ እስኪ ላስብበት አልኩት። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ፤ የገበያውን ዘንቢል ጉልበቱ ላይ አድርጎ እየጠበቀኝ ነው።

እህትህ ጋሪፋልያ